ቃለ መጠይቅ ስንሰማ ምን እንጠይቅ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በሬዲዮ ያቀረብነውን ይህን ንግግር ለንባብ እንዲመች አድርገን በጽሑፍ አቅርበንላችኋል። ርዕሳችን በየዕለቱ የምንሰማው፣ ነገር ግን እንዴት መስማት እንዳለብን ብዙም የማንነጋገርበት ነገር ነው። እርሱም በዓለም ጉዳይ፣ በፖለቲካና በባህል ላይ የሚደረግ ቃለ መጠይቅ ነው።

በቢቸናም ሆነ በሞጣ፣ ምሽት ላይ ሬዲዮ ሲከፈት በየቤቱ ያለው ሁኔታ ተመሳሳይ ነው። አባት ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ልጆች ዝም በሉ ይባላሉ። ሚኒስትር ይጠየቃል፣ ተቃዋሚ ይጠየቃል፣ ከጋዛ ወይም ከሱዳን የሸሸ ሰው ይጠየቃል። ሬዲዮው ሲዘጋ ደግሞ የቤቱ ጨዋታ ይጀመራል፤ «እንዲህ ተባለ» ይባላል። በማግስቱ ገበያ ላይ ያው ቃል «እንዲህ ሆነ» ተብሎ ይነገራል። «ተባለ» የነበረው በአንድ ሌሊት «ሆነ» ሲሆን ምን ጉዳት እንደሚያመጣ ነው ዛሬ የምንመለከተው።

ስለ ሰፊው ዓለም ከምናውቀው ውስጥ አብዛኛውን በዓይናችን አላየነውም፤ ከተናጋሪ አፍ የሰማነው ነው። የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ሥርጭቱን በ1957 ዓ.ም. ጀመረ፤ የአሜሪካ ድምፅ እ.ኤ.አ. በ1982 ተከተለ፤ ቢቢሲም በ2010 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የአማርኛ አገልግሎት ከፈተ። በእነዚህና በሀገር ውስጥ ጣቢያዎች በኩል የገጠሩም የከተማውም ሰው የዓለምን ሹማምንት ድምፅ ለመስማት በቃ። ዛሬ ደግሞ ስልክ የያዘ ሁሉ ጠያቂም ተጠያቂም ሆኗል። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ጸጋ ግን አደራ አለበት። ቃለ መጠይቅ ምስክርነት ነውና። ምስክርነት በሸሪዓም ሆነ በመንግሥት ፍርድ ቤት ሳይመረመር አይጸድቅም፤ ሳይመረመርም አይጣልም።

ሞጣ የከፈለችው ዋጋ

ይህን ነገር ለሞጣ ሰው በምሳሌ ማስረዳት አያስፈልግም። ታህሳስ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ዕለተ ጁሙዓ ነበር። በዚያን ቀን በሞጣ ከተማ መስጊዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊሞች ሱቆችና ንብረትም ወደመ። በጊዜው የወጡ ዘገባዎች የተጠቁትን መስጊዶች አራት ብለው ቆጥረዋቸዋል። ለጥቃቱ መነሻ ተብሎ የተዘገበው ደግሞ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ላይ እሳት ተነሳ የሚል ወሬ ነበር። እሳቱን ማን ለኮሰው? እንዴት ተነሳ? ምን ያህል አቃጠለ? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ እስኪያገኙ የጠበቀ አልነበረም። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድ ድርጊቱን አወገዙ፤ በተለያዩ ከተሞችም ሙስሊሞች ቁጣቸውን ለመግለጽ ሰልፍ ወጡ።

ይህን የምናነሳው ቁስል ለመቀስቀስ አይደለም። አንድ ወሬ ከመጣራቱ በፊት እግር ካወጣ ምን እንደሚያደርግ ከዚህ የበለጠ ቅርብ ማስረጃ ስለሌለን ነው። በሱረቱል ሑጁራት ውስጥ ወሬ ይዞ የመጣን ሰው ቃል አጣሩ፣ አለዚያ ሳታውቁ ሰዎችን ትጎዱና ኋላ ትጸጸታላችሁ የሚል መልእክት ያለው መመሪያ እናገኛለን። ይህ መመሪያ የወረደው ለሙእሚኖች ነው። ስለዚህ «እነርሱ ሳያጣሩ አጠፉ» ብለን ብቻ የምናልፈው ጉዳይ አይደለም። በሞጣ የተበደለው ወገን እኛ ብንሆንም፣ ስለ ሌላው የምንሰማውን ወሬ የማጣራት ግዴታችን በበደሉ አይነሳም። እንዲያውም የወሬን ጉዳት የቀመሰ ሰው ከማንም በላይ ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

«ዘጋቢ» የሚለው ቃላችን

በአማርኛችን ሐዲስ ያስተላለፈውንም ሆነ ጋዜጠኛውን «ዘጋቢ» እንላቸዋለን። በእርግጥ የመልክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) ንግግርና የሬዲዮ ወሬ በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። ሆኖም በ256 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢማም ቡኻሪና በ261 ያረፉት ኢማም ሙስሊም አንድን ቃል ከመቀበላቸው በፊት ያደርጉት የነበረው ምርመራ ለእኛም የመስማት ሥርዓት ያስተምረናል። ማን ተናገረ? ከማን ሰማ? ከዚያ ሰው ጋር በእርግጥ ተገናኝቷልን? የማስታወስ ችሎታው እንዴት ነው? በቃሉ ውስጥ የራሱን ንግግር ጨምሯልን? የሐዲስ ሊቃውንት ለእያንዳንዱ ጉድለት ስም አውጥተውለታል። ከእነዚህ ሦስቱን ወስደን በዓለም ላይ ከታዩ ሁነቶች ጋር እናያይዛቸው።

የመጀመሪያው መጅሁል ይባላል፤ ማንነቱ ያልታወቀ ዘጋቢ ማለት ነው። ኢራቅ ኩዌትን በወረረችበት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 10 ቀን 1990፣ ናይራ በሚል ስም ብቻ የተዋወቀች የ15 ዓመት ልጅ በዋሽንግተን የአሜሪካ ምክር ቤት አባላት በተሰበሰቡበት መድረክ ቀረበች። የኢራቅ ወታደሮች ሆስፒታል ገብተው ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ከማሞቂያ እያወጡ መሬት ላይ እንደጣሉ በእንባ ተናገረች። ፕሬዚዳንት ቡሽ ቃሉን ደጋግመው ጠቀሱት፤ ዓለምም ሰማው። ጦርነቱ ከተፈጸመ በኋላ፣ በ1992 መጀመሪያ ላይ፣ ልጅቱ በአሜሪካ የኩዌት አምባሳደር ልጅ እንደነበረችና ለምስክርነቱ ያዘጋጃት በክፍያ የሚሠራ የሕዝብ ግንኙነት ድርጅት እንደነበር ታወቀ። የተናገረችውም ታሪክ ማረጋገጫ አልተገኘለትም። የሳዳም ሠራዊት በኩዌት ግፍ አልፈጸመም ማለታችን አይደለም፤ ፈጽሟል። ነገር ግን እውነተኛ ግፍ ባለበት ቦታ ሐሰተኛ ምስክር ማቆም እውነተኛውንም ተበዳይ ይጎዳል። አንድ ሰው ቃለ መጠይቅ ሲሰጥ ስንሰማ «ይህ ሰው ማን ነው? ከነገሩ ጋር ምን ያገናኘዋል?» ብለን መጠየቅ ያለብን ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ተድሊስ ነው፤ ከሌላ የሰሙትን በቀጥታ ያገኙት አስመስሎ ማቅረብና መሐል ያለውን ሰው መደበቅ ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 5 ቀን 2003 የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓውል በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ፊት ቀርበው፣ ኢራቅ በተሽከርካሪ ላይ የሚንቀሳቀስ የመርዝ መሥሪያ እንዳላት በዓይኑ ያየ ኢራቃዊ መሐንዲስ መስክሯል አሉ። ሰውየው ግን በጀርመን የነበረ ስደተኛ ሲሆን ቃሉን ይቀበሉ የነበሩት የጀርመን የስለላ ሰዎች ነበሩ፤ የአሜሪካው የስለላ ድርጅት ራሱ መርምሮት አልነበረም። ሰንሰለቱ ከመሐል ተቆርጦ ሳለ እንደ ሙሉ ሆኖ ቀረበ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ጦርነቱ ተጀመረ። ፓውል በ2005 በሰጡት ቃለ መጠይቅ ያ ንግግር በስማቸው ላይ የቀረ እድፍ መሆኑን አመኑ። መሐንዲሱም በ2011 ለእንግሊዙ ጋርዲያን ጋዜጣ በሰጠው ቃለ መጠይቅ መዋሸቱን ተናገረ። ያን ጊዜ ግን ኢራቅ ፈርሳ፣ ሰዉም አልቆ ነበር።

ተድሊስ በትልቅ መድረክ ላይ ብቻ የሚፈጸም አይደለም። አንድ የከተማችን ነዋሪ በስልክ ተጠይቆ «ይህን ያህል ሰው ሞተ» ሲል በዓይኑ አይቶ ነው ወይስ ጎረቤት ነግሮት? ጥሩ ጋዜጠኛ «እርስዎ የት ነበሩ?» ብሎ ይጠይቃል። ጋዜጠኛው ሳይጠይቅ ቢቀር አድማጩ በልቡ ይጠይቅ።

ሦስተኛው ሙድረጅ ነው፤ ዘጋቢው የራሱን ቃል ከዋናው ቃል ጋር ቀላቅሎ ሰሚው እንዳይለየው ሲሆን ነው። የዚህ ምሳሌ ከሀገራችን አይርቅም። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ረሃብ ላይ የሠራው ፊልም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። የተደበቀውን ረሃብ ለዓለም የገለጠ እውነተኛ ሥራ ነበር። ደርግ ፊልሙን መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲያሳየው ግን በረሃብተኛው መካከል የቤተ መንግሥት የድግስና የቅንጦት ምስሎች ገብተውበት ነበር። በማግስቱ ንጉሡ ከሥልጣን ወረዱ። ረሃቡ እውነት ነው፤ ድግሱም ተደርጓል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠው ግን የቆራጩና የቀጣዩ እጅ ነው። የረጅም ሰዓት ቃለ መጠይቅ አምስት ደቂቃ ሆኖ ሲተላለፍም እንዲሁ ነው። ተናጋሪው «ነገር ግን» ብሎ የቀጠለው ሊቀርና የመጀመሪያው ግማሽ ብቻ ሊሰማ ይችላል። በስልክ የሚደርሰን የግማሽ ደቂቃ ቪዲዮ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። ከፊትና ከኋላው ምን እንዳለ ሳናውቅ በግማሽ ዓረፍተ ነገር ሰው ላይ አንፍረድ።

ጠያቂውም ይመዘናል

እስካሁን የተናገርነው ስለ ተጠያቂው ነው፤ ጠያቂውም ቢሆን ሊመዘን ይገባዋል። አንዳንድ ጥያቄ መልሱን በሆዱ ይዞ ይመጣል። «አክራሪነትን ለምን አትታገሉም?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ገና አፉን ሳይከፍት አለመታገሉ ተወስኖበታል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2023 የጋዛው ጦርነት ሲጀመር፣ በብሪታንያ የፍልስጤም አምባሳደር የሆኑት ሑሳም ዙምሎት ዘመዶቻቸው በጋዛ እንደተገደሉባቸው ለቢቢሲ ተናገሩ። ጠያቂዋ አጭር የሐዘን ቃል ተናግራ ወዲያው የእስራኤል ሰላማውያን መገደላቸውን እንደማይደግፉ እንዲያረጋግጡላት ጠየቀች። ይህ ብዙ ሰው አስቆጣ።

እኛ ግን ነገሩን በፍትሕ እንመልከተው። ሰላማዊ ሰው መግደል ሐራም መሆኑን መናገር ለሙስሊም የሚከብድ መልስ አይደለም፤ ያለ ማመንታት ሊመልሰው የሚገባ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን እንደ ስድብ አንቁጠረው። ልንጠይቅ የሚገባን «ይኸው ጥያቄ ለሌላውም ወገን በዚያው ቃል፣ በዚያው ፍጥነት ይቀርባልን?» ብለን ነው። የፍትሕ መለኪያው እኩልነቱ ነው። ይህ መለኪያ የእኛን ጣቢያዎችና የእኛን ጠያቂዎችም ይመለከታል። የምንወደውን እንግዳ እያሞካሸ፣ የማንወደውን እያዋከበ የሚጠይቅን ጋዜጠኛ የምናደንቅ ከሆነ በሌሎች ላይ የምናወጣው ስሞታ ዋጋ የለውም።

በትርጉም ረገድም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የዓረብ ምሁር ሲናገር ከላዩ የአማርኛ አንባቢ ድምፅ ይሰማል። ተናጋሪው «ጂሃድ» ሲል ነፍስን ማረምን ወይም ትግልን ማለቱ ሊሆን ሲችል አማርኛው «ጦርነት» ብሎት ሊያልፍ ይችላል። ተርጓሚው አስቦበት ላይሆን ይችላል፤ ሰሚው ግን ቃሉን እንደ ተነገረ አድርጎ ይወስደዋል። በቤታችን ዓረብኛ የተማረ ልጅ ካለ ከሥር የሚሰማውን ድምፅ እንዲያዳምጥ እናድርገው፤ ለትምህርቱም ይጠቅመዋል።

ጥሩ ጠያቂ እንዴት ያለ ነው ብለን ብንጠይቅ ምሳሌው ከዚሁ ከሀገራችን ምድር ነው። በነቢይነት አምስተኛው ዓመት ሶሓቦች ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ ቁረይሾች ዓምር ኢብኑል ዓስንና ዓብዱላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓን ገጸ በረከት አስይዘው ላኩ። የቤተ መንግሥቱ ሹማምንት ስደተኞቹ ሳይጠየቁ ተላልፈው እንዲሰጡ መከሩ። ነጃሺ ግን ተቆጡ፤ ራሳቸውን ጠርተው ሳይሰሙ እንደማይፈርዱ ተናገሩ። ጠሩ፣ ጠየቁ፤ ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብም መለሰ። በማግስቱ ዓምር በዒሳ ጉዳይ ሌላ ክስ ሲያመጣ ንጉሡ እንደገና ጠርተው ጠየቁ። በመጨረሻም ገጸ በረከቱን መለሱ። ይህን ታሪክ ያስተላለፉልን እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ከስደተኞቹ መካከል የነበሩ ናቸው፤ ከወሬ ወሬ አልነገሩንም። ሁለቱን ወገን መስማት፣ አዲስ ክስ ሲመጣ ደግሞ መጠየቅ፣ ስጦታን ከፍርድ መለየት፣ ከእማኝ አፍ መቀበል፤ በዘመናችን የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት የሚሰጠው ሁሉ በዚህ ታሪክ ውስጥ ተጠቃሎ ይገኛል።

ዝምታ ወሬን ይወልዳል

ጥፋቱን ሁሉ በሰሚው ላይ መጫን ግን ተገቢ አይሆንም። መናገር ያለበት ሰው ዝም ሲል ወሬ ቦታውን ይይዛል። የቢቸናና የሞጣ አዛውንቶች የ1960 ዓ.ም.ን እምቢታ ያስታውሳሉ። መንግሥት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር አወጀ፤ ገበሬው ግን አዋጁን መሬቱ ተለክቶ ርስቱ የሚነጠቅበት መንገድ አድርጎ ተመለከተው። በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት አውራጃዎች እምቢታው ተነሳ፤ ጦርና አውሮፕላንም ተላከ። ብዙ ጥፋት ከደረሰ በኋላ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሱ። ገበሬው ባለው አስተዳደር ላይ ሌላም ብዙ ብሶት ነበረው። ቢሆንም መንግሥት ቀድሞ ሰዉን ቢጠይቅና ቢያስረዳ፣ መልሱንም ቢሰማ ኖሮ የጥርጣሬው መንገድ በጠበበ ነበር።

በቅርቡ ደግሞ፣ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭቱ ሲበረታ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተቋረጠ። እንዲህ ባለ ጊዜ አዲስ አበባ ወይም ጅዳ ያለ ልጅ ስለ እናቱ ደኅንነት የሚሰማው ከወሬ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ሹማምንትም የሃይማኖት አባቶችም ሲጠየቁ በጊዜው፣ በግልጽና በእውነት መልስ መስጠት አለባቸው። ይህ ሀገርን ማዳን እንጂ ለጋዜጠኛ ውለታ መዋል አይደለም።

በቤታችን ምን እናድርግ?

ከላይ የዘረዘርነው ወደ ቤት ሲገባ ቀላል ነው። ቃለ መጠይቅ ሰምተን ስናበቃ፣ ልጆች ባሉበት፣ አራት ነገር እንጠያየቅ። ተናጋሪው ማን ነው? ከተናገረው ውስጥ ያየው የቱ ነው፣ የሰማው የቱ ነው፣ የገመተውስ የቱ ነው? ሌላው ወገን ተጠይቋል ወይ? እኛ የሰማነው ሙሉውን ነው ወይስ ቁራጩን? ይህን የለመደ ልጅ ሲያድግ በቀላሉ አይነዳም። ወደ ሌላ ስናስተላልፍ ደግሞ «እገሌ በእንዲህ ያለ ጣቢያ እንዲህ ሲል ሰማሁ» እንበል፤ «ሆነ» አንበል። የሰሙትን ሁሉ ማውራት ብቻውን ሰውን ወደ ውሸታምነት እንደሚያደርስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያስጠነቀቁ መሆኑን ኢማም ሙስሊም በሰሒሓቸው መግቢያ ላይ አስፍረውታል።

የሀገሪቱ ሕግም ከዚህ አይርቅም። የሞጣው ጥፋት በደረሰ በሁለት ወር ገደማ፣ በየካቲት 2012 ዓ.ም.፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተውን አዋጅ ቁጥር 1185 አጽድቋል። በአዋጁ መሠረት ሁከት ወይም ግጭት ሊያስነሳ የሚችል ሐሰተኛ ወሬን፣ ሐሰት መሆኑን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው ያሰራጨ ሰው ይጠየቃል። «እኔ የላኩት የተላከልኝን ነው» ማለት ሁልጊዜ አያድንም።

እኛ ራሳችን የተጠየቅን ቀንስ? በሞጣው ጉዳይ እንደታየው የከተማችን ሰው በስልክ ለዓለም የሚናገርበት ጊዜ ይመጣል። ያን ጊዜ የዘይነብ ቢንት ጀሕሽን (ረ.ዐ) መልስ እናስታውስ። በእናታችን ዓኢሻ ላይ የሐሰት ወሬ በመዲና በተነዛ ጊዜ መልክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) ዘይነብን ስለ እርሷ ጠየቋት። ዘይነብ የዓኢሻ ጣውንትና ተፎካካሪ ነበረች፤ የገዛ እህቷ ሐምናም ወሬውን ካዛመቱት ጋር ነበረች። አንዲት ቃል ብትጨምር ልትጠቀም በቻለች ነበር። እርሷ ግን ያላየችውንና ያልሰማችውን ከመናገር ራሷን እንደምትጠብቅና ስለ ዓኢሻ ከመልካም በቀር እንደማታውቅ መለሰች። የማይወዱትን ሰው በተመለከተ እንኳ እውነቱን ብቻ መናገር እንዲህ ነው።

ሞጣ ላይ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ገበያ ይሸጣል፣ ይገዛል። ቢቸናም እንደዚሁ ነው። ነገ ሌላ ወሬ ይመጣል፤ ከቅርብ ሊመጣ ይችላል፣ ከሩቅም። አንዳንዱ እኛን የሚያስፈራ፣ አንዳንዱ ጎረቤታችንን የሚያስቆጣ ይሆናል። እኛ ልናቆመው የምንችለው በደጃችን ሲያልፍ ነው። «አይተሃል ወይስ ሰምተህ ነው?» የምትለው አጭር ጥያቄ ገንዘብ አታስወጣም፤ ቤትና ነፍስ ግን ታተርፋለች። ልጆቻችን ከእኛ አፍ ይስሟት፤ እኛም ለጎረቤቶቻችን በመልካም አንደበት እናድርሳት።

አላህ ሰምተው ከሚያስተውሉት፣ ተናግረውም እውነትን ከሚጠብቁት ያድርገን። ኣሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።